ጠርዛቸው የተቆረጠ አበቦች

ሀብትነሽ እናቷ ሞታ ከቢቸና ገጠር ሞጣ ወደሚኖሩት አክስቷ ስትላክ ገና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። አክስቷ በክሊኒክ ለምትሠራ አንዲት ፈረንጅ ነርስ ልብስ ያጥቡ ነበርና፣ ልጅቱም ቤት መጥረጉንና ውኃ መቅዳቱን ያዘች። ነርሷን አገሬው ሲስተር ኢንግሪድ ይላት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቋ የሚቆጠር ሴት ነበረች። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲቀላት መርፌና ክር አንሥታ ትቀመጣለች። ሀብትነሽን አጠገቧ አስቀምጣ ጥልፍ ያስተማረቻት እሷ ናት።

የምትጠልፈውን አበባ የምታየው ከአንድ ጥቁር የካርቶን ማኅደር ውስጥ ነበር። በውስጡ ሠላሳ አንድ ወረቀቶች አሉ። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ተክል ከነቅጠሉ፣ ከነአበባው፣ አንዳንዱም ከነሥሩ ተስሏል። ከመዳብ ሰሌዳ ላይ ታትመው፣ ቀለማቸውን ሰው በብሩሽ አንድ በአንድ የቀባቸው፣ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረቡ ሥዕሎች ናቸው። የሲስተር ኢንግሪድ አያት በዕድሜያቸው ሙሉ ሲሰበስቧቸው ኖረው ለእሷ አወረሷት። አናናስ አለ፤ ሙዝ አለ፤ ሞጣ ላይ በቅሎ የማያውቅ፣ ሀብትነሽ ሰው ፈጥሮት እንጂ ከመሬት የወጣ ያልመሰላት አበባም አለ። አንዱን ወረቀት ስታይ ግን ሳቋ አመለጣት። ኮሶ ነበር። ያ የምታውቀው፣ ስሙ ሲጠራ አፍ የሚመርረው ኮሶ፣ ቀይ አበባው እንደ ወይን ዘለላ ተንጠልጥሎ።

«ለኮሶ ደግሞ ማን ሥዕል ያወጣል?» አለች።

«ለእኛ አገር ሰው ከሩቅ የመጣው ብርቅ ይኸኛው ነው» አለቻት ሲስተር ኢንግሪድ።

ሀብትነሽ አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት መንግሥት ተለወጠ፤ ሲስተር ኢንግሪድም ወደ አገሯ ተመለሰች። በሄደችበት ጧት ማኅደሩን አምጥታ በልጅቱ ክንድ ላይ አኖረችው። ሀብትነሽ እንድታደርስላት መስሏት እስከ መኪናው ድረስ ተሸክማው ሄደች። «አይደለም፤ ያንቺ ነው» ስትላት መኪናው ተነሥቶ ነበር።

ወደ ቢቸና ተመልሳ ኑሮዋን የገፋችው በእነዚያ ወረቀቶች ነው። ሥዕሉን በመስኮት መስታወት ላይ ታስደግፋለች፤ ስስ ወረቀት ደርባ በእርሳስ ትገለብጠዋለች፤ ከዚያ በካርቦን አድርጋ ወደ ጨርቁ ታወርደዋለች። በወረቀቶቹ ላይ የታተመው የፈረንጅ ፊደል አይገባትም ነበርና ለአበቦቹ የራሷን ስም አወጣችላቸው። አበባው እንደ ደወል ወደ ታች ለተዘቀዘቀው «አንገት ደፊ» አለችው። ሥሩ ሽንኩርት፣ አበባው ኩባያ ለሚመስለው «ባለኩባያው» አለች። ዙሪያውን ክር የመሰለ ነገር የከበበው ደግሞ «ባለአክሊሉ» ተባለ። ሙሽሮች ከአምበር፣ ከየጥኖራም ሳይቀር ይመጡ ነበር፤ «አንገት ደፊውን አድርጊልኝ» ይሏታል። እንዲህ እንዲህ እያለ አንድም የአካባቢው ሰው በአካል ያላየው አበባ በምሥራቅ ጎጃም ሴቶች ቀሚስ ላይ ሲያብብ ኖረ።

ባየ የሚባል አናጺ አገባች። ዝምተኛ ሰው ነበር። እሷ ስትጠልፍ እሱ ደጃፉ ላይ እንጨቱን ይልጋል፤ ሁለቱም ሳይነጋገሩ ይመሻል፤ ግን ሁለቱም ደስ ብሏቸው ነው የሚመሸው። በተጋቡ በሁለተኛው ዓመት ለውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ዘመተ። ስትሸኘው የሦስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ሦስተኛው አልመጣም። ጦርነቱ አልቆ የጎረቤት ልጆች በእግራቸው እየተጎተቱ ሲመለሱ እሷም መንገድ ዳር ወጥታ ስትጠብቅ ከረመች። መሞቱን የነገራት የለም፤ መኖሩንም የነገራት የለም። ለቅሶ እንዳትቀመጥ ተስፋው ያዛት፤ ሌላ እንዳታገባም ያው ተስፋ ያዛት።

ሴት ልጅ ወለደች። ስሟን ማን እንበላት ሲሏት፣ አልጋዋ አጠገብ ተከፍቶ የነበረውን ማኅደር ተመልክታ «እፀገነት» አለች።

እፀገነት በሥዕሎቹ መካከል አደገች። ፊደል ከመቁጠሯ በፊት ቅጠል ትቆጥር ነበር። ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ የፈረንጁን ፊደል እያነበበች፣ ከትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ጋር እያስተያየች የአበቦቹን ስም ታወጣ ጀመር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጣች።

«እማዬ፣ ባለአክሊሉን ፈረንጆቹ ምን እንደሚሉት ታውቂያለሽ? የሕማማት አበባ! ክር ክሩ የእሾህ አክሊሉ ነው ይላሉ። ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝ። አክሊል መስሎኝ ነው።»

«ሳይነግሩሽ አወቅሽው!» አለችና እናቷን አንገቷን አቅፋ ሳመቻት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እፀገነት በእያንዳንዱ ወረቀት ግርጌ፣ ነጩ ጠርዝ ላይ፣ በቀጭን እርሳስ መጻፍ ያዘች። የፈረንጁን ስም፣ እናቷ ያወጣችለትን ስም፣ ጥልፉን መጀመሪያ የለበሰችውን ሴትም እናቷን እየጠየቀች ታሰፍራለች። «አንገት ደፊ። የአምበሯ ሙሽራ አምሳለች፣ ጥር 1987» ይል ነበር አንዱ። ሀብትነሽ በመሠረተ ትምህርት ንባብ ተምራ ስለነበር ልጇ የጻፈችውን ታነበዋለች። ስታነበው ያኮራታል፤ ያሳፍራታልም። የእሷ ነገር በጽሑፍ ይሰፍራል ብላ አስባ አታውቅም።

እፀገነት ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ዕፅዋት ተማረች፤ ሞጣም በአንድ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህርት ሆነች። ትዳር አልያዘችም። ሰው ሲጠይቃት «እናቴ አንድ ሰው ስትጠብቅ አይቻለሁ፤ እኔ አንድም አልጠብቅም» ትል ነበር፣ እየሳቀች።

በ2016 መስከረም ለአዲስ ዓመት ቢቸና መጥታ ስትመለስ ማኅደሩን ጠየቀች።

«ለምንሽ ነው?» አለች ሀብትነሽ።

«ለማስተማሪያ ነው እማዬ። ለገና ይዤው እመጣለሁ።»

ሀብትነሽ ከቤቷ አውጥታ የማታውቀውን ማኅደር በነጠላ ጠቅልላ ሰጠቻት። መናኸሪያ ድረስ ሸኘቻት። እፀገነት መኪናው ውስጥ ማኅደሩን ደረቷ ላይ አቅፋ ተቀመጠች። እናቷ ለመጨረሻ ጊዜ በሕይወት ያየቻት ያን ቀን ነው።

በጥቅምት መጨረሻ እፀገነት ተማሪዎቿን ይዛ ቅጠል ለማስለቀም ወደ ዓባይ ቆላ ወርዳ ነበር። ሁለት ሌሊት አድረው ተመለሱ። በሳምንቱ ትኩሳት ያዛት። ድካም ነው ብላ ሁለት ቀን አስተማረች፤ በሦስተኛው ቀን ክፍል ውስጥ ወደቀች። ወባው አናቷ ላይ ወጥቶ ነበር። አብራት የምታስተምር ጸደንያ የምትባል ልጅ ለሀብትነሽ ደወለችላት። ሀብትነሽ ያን ጊዜውኑ ተነሣች። ደብረ ወርቅ ድረስ መኪና አገኘች፤ ከዚያ ወዲያ መንገዱ በውጊያ ተዘግቷል ተባለ። ሁለት ቀን መንገድ ዳር አሳለፈች። በየሰዓቱ ለጸደንያ ትደውልላት ነበር፤ በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ጸደንያ ስልኩን ማንሣት ተወች። ያን ጊዜ ሀብትነሽ ነገሩ ገባት። አጠገቧ የነበሩ ሰዎች ምን ሆንሽ ሲሏት «ስልኩን የሚያነሣ የለም» ብቻ አለች።

የጭነት መኪና አግኝታ ሞጣ ስትገባ ከቀብሩ ሦስተኛው ቀን ነበር። አፈሩ ደርቆ ጠበቃት። ፊቷን ልይ ብትል ማን ይሰማታል። መሬቱ ላይ ተኝታ ስታለቅስ ሴቶች አንሥተው ወሰዷት።

ከአርባዋ በፊት በነበሩት ቀናት የልጇን ክፍል አጸዳች። ልብሷ አለ፤ መጻሕፍቷ አሉ፤ ከዓባይ ቆላ የለቀመችው ቅጠል በጋዜጣ መካከል ተጋድሟል። ማኅደሩ ግን የለም። ጸደንያንም ጠየቀቻት፤ አላየሁም አለቻት። አልጋ ሥር፣ ጣሪያ ሥር፣ ትምህርት ቤት ቢሮም ተፈለገ። ሀብትነሽ ለሰው አልተናገረችም እንጂ በልቧ ሁለተኛ ቀብር ሆነባት።

የአርባው ማግሥት ረፋድ ላይ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ደጃፉ ላይ ቆመች። የሞጣ ሰው ናት፤ ሳብሪያ ትባላለች። ባለቤቷ ሐጂ አብዱልዋሂድ ገበያው አጠገብ የፎቶ ፍሬምና የመስታወት ሱቅ አላቸው።

«አላህ ያጽናዎት እትዬ ሀብትነሽ» አለች። «ልጅዎ እኛ ዘንድ ያኖረችው ዕቃ አለ። ሐጂ እግራቸውን ስለሚያማቸው ነው እኔን የላኩኝ። አብረን እንሂድ?»

ሀብትነሽ ነጠላዋን እንኳ አላስተካከለችም፤ ተከትላት ወጣች።

ሱቁ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ የምርቃት ፎቶዎች፣ የጻድቃን ሥዕሎች፣ በወርቅ ቀለም የተጻፉ የቁርኣን አንቀጾች ተሰቅለዋል። ሐጂ አብዱልዋሂድ ከወንበራቸው እየተደገፉ ተነሡ፤ ሽማግሌ ናቸው፤ የግራ እግራቸው አይታጠፍም። በጨርቅ የተሸፈነ ክምር አሳዩአት።

«ልጅዎ መስከረም ላይ መጥታ ‹ሐጂ፣ እነዚህን በመስታወት ያድርጉልኝ፤ እናቴ ስልሳ ዓመቷን አልፋለች፤ ቤቷ ግድግዳ ላይ ልሰቅልላት ነው፤ እንዳይሰማ› አለችኝ። እንዲህ ይሆናል ማን አለ? ለአርባዋ ላድርስ ብዬ ነበር፤ ትናንት ማታ ጨረስሁ።»

ጨርቁን አነሡት። ሠላሳ አንዱም በቡናማ ፍሬም፣ በንጹሕ መስታወት፣ እኩል በእኩል ተደርድረዋል። ሀብትነሽ የፊተኛውን አነሣች። አንገት ደፊው ነበር። በእጇ መስታወቱን ዳበሰችው። ከዚያ ሁለተኛውን አነሣች፤ ሦስተኛውን አነሣች።

«ጠርዛቸውስ?» አለች።

«የቱ ጠርዝ?»

«ዙሪያቸው ነጭ ነበር። ከግርጌው ልጄ በእርሳስ የጻፈችበት።»

ሐጂ አብዱልዋሂድ ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ።

«ቆረጥሁት» አሉ። «ልጅዎ ‹ጽሑፉ እንዳይነካ› ብላኝ ነበር። ጆሮዬ ሰምቷል። መንገዱ ተዘግቶ ትልቁ መስታወት አልገባም፤ እጄ ላይ የነበረው ይኸ ትንሹ ነው። ለአርባዋ ካልደረሰ ብዬ በመስታወቱ ልክ ቆረጥሁት። ጨርሶ ረስቼው ነው ብዬ አልዋሽዎትም። ሦስት አራቱን እንደቆረጥሁ ትዝ ብሎኛል። ከዚያ ‹አንድ ዓይነት ካልሆኑ አያምሩም› ብዬ ቀጠልሁ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲሉ ሰምቼ ያደግሁ ሰው፣ የሞተች ልጅ አደራ በላሁ።»

ሀብትነሽ አልጮኸችም። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ ለራሷ እንደምታወራ ነበር የተናገረችው።

«ልጄን ሲቀብሯት አልደረስሁም። ፊቷን አላየሁም። ያቺ ጽሑፍ ነበረችኝ።»

ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው አለቀሱ። እሳቸው ሲያለቅሱ አይታ የማታውቀው ሳብሪያም ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ከዚያ ግን ቀና ብላ ወደ ባሏ ዞረች።

«የሪሃብ አባት፣ መስታወቱ እንዳይንቀሳቀስ ከኋላ የሚወሽቁት ወረቀት ከዚያው ቁራጭ አልነበረም?»

ሐጂ አብዱልዋሂድ እየተደገፉ ተነሡ። ከዚያ ጉጠታቸውን ፈለጉ። ሳብሪያ ፍሬሙን ያዘችላቸው። የመጀመሪያውን ፍሬም ሚስማር ነቅለው ካርቶኑን አነሡት፤ ከኋላው ምንም የለም። ሁለተኛውን ከፈቱት፤ የተጣጠፈ የጋዜጣ ቁራጭ ወደቀ። በሦስተኛው ጥጉ ላይ በአራት የታጠፈ ቀጭን ነጭ ወረቀት ተወሽቆ ነበር። ሐጂ አልነኩትም። ሀብትነሽ ራሷ አውጥታ ዘረጋችው። የእፀገነት እጅ ነበር፤ ዝርግ ብሎ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል ያለ።

ከሰዓቱን ሙሉ ሲፈቱ ዋሉ። ሳብሪያ የነቢያት ጾም መሆኑን ስለምታውቅ ደረቅ ዳቦና ሻይ አቀረበች፤ የነካው ሰው አልነበረም። የተገኘው ጠርዝ አሥራ አምስት ነው። አንዳንዱ በሚስማር ተበስቷል፤ አንዱ ለሁለት ተከፍሏል። የቀረው አሥራ ስድስቱ ከመጋዝ ዱቄቱ ጋር ተጠርጎ እሳት ገብቶ ነበር።

ከተገኙት አንዱ የባለኩባያው ነው። የፈረንጁ ስም አለበት፤ የእሷም ስም አለበት። ከሥሩ፣ ሀብትነሽ ከዚያ በፊት አይታው የማታውቀው፣ በደቃቁ የተጻፈ ነገር ነበር፦ «ይህቺን እማዬ ለሙሽራ አልሰጠችም። በአባዬ ጋቢ ላይ ጠልፋ ከሣጥን ሥር ደብቃለች። ዓመት በዓል ሲመጣ አውጥታ ታናፍሰዋለች። እንደማውቅ አታውቅም፤ አልነግራትም።»

ሀብትነሽ ቁራጩን ደጋግማ አነበበችው። ያን ጋቢ ብቻዋን ነበር ሠላሳ አምስት ዓመት የተሸከመችው፤ እንደዚያ ነበር የመሰላት። የልጅ ዓይን ከበሩ ቀዳዳ ሲያያት ኖሯል። ልጅቱ እንዳታሳፍራት ዝም ብላ አብራት ስትሸከም ኖራለች። ይህን ካወቀች በኋላ ነው በመቃብሩ አፈር ላይ እንኳ ያልወጣላት ለቅሶ የወጣላት። ሳብሪያ ከጎኗ መሬት ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ስታሻት ቆየች።

ሲመሽ ሐጂ አብዱልዋሂድ ድፍረት አግኝተው ተናገሩ።

«ልጄ ሪሃብ ጽሕፈቷ ያምራል። የጠፉትን ስማቸውን ይንገሯትና ትጻፍልዎት?»

«ስሙማ ከእኔ ጋር አለ ሐጂ» አለች ሀብትነሽ። «የጠፋው የልጄ እጅ ነው።»

ከሱቁ ስትወጣ ደጃፉ ላይ ቆም አለች። «ዛሬ ይቅር ማለት አልችልም። ላስመስልም አልፈልግም።»

«አያስመስሉብኝ» አሉ ሐጂ።

ሥዕሎቹን ትታላቸው ቁራጮቹን ብቻ በመሐረብ ቋጥራ ወደ ቢቸና ተመለሰች። ክረምቱ ሊገባ ሲል መንገዱ ለጥቂት ቀናት ተከፈተ። አንድ ቅዳሜ ሐጂ አብዱልዋሂድ ከነማይታጠፍ እግራቸው፣ በሳብሪያ ተደግፈው፣ ደጇ ላይ ቆሙ። ፍሬሞቹን ሁሉ አፍርሰው ሥዕል ከግርጌው ጽሑፍ ጋር በሚገባበት ልክ እንደገና ሠርተዋቸው፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ያን ሁሉ መንገድ መኪና ውስጥ በየተራ በጭናቸው ይዘዋቸው መጥተዋል። ሀብትነሽ አየቻቸው። ብዙ የምትለው ነገር አስባ ነበር፤ ከአፏ የወጣው ግን «ግቡ፤ እግርዎን ያሳርፉ» የሚል ብቻ ነው። ሐጂም ከዚያ ሌላ አልጠበቁም። ቁራጮቹን ከመሐረቡ አውጥታ በየቦታቸው ራሷ አስገባች። በአሥራ ስድስቱ ሥር ነጩ ቦታ ባዶ ሆኖ ቀረ። ጎረቤቶቿ አስሞይው ይሏታል፤ አላስሞላችውም።

የባየን ነገርም ያን ዓመት ጨረሰችው። በኅዳር የልጇ ሙት ዓመት ሲደርስ ቢቸና በደብሩ ፍትሐት አስፈታች፤ ካህኑ ማን እንበል ሲሏት የሁለቱንም ስም ሰጠች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሕያው ስትጸልይለት የኖረችውን ሰው ስም ከሙታን ጋር አስጠራች። ጋቢውን ደጀ ሰላሙ ላይ ለተቀመጡ አንድ ዓይነ ስውር አዛውንት አለበሰቻቸው። ጠርዙን በጣታቸው እየዳበሱ «ይኸ ምንድን ነው ልጄ?» አሏት። «አበባ ነው አባቴ» አለቻቸው።

ሞጣ ሄዳ የልጇ መቃብር ላይ ልትውል አስባ ነበር። መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ስለዚህ ለሳብሪያ ደወለች።

ሳብሪያ ያን ቀን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ የእፀገነት መቃብር ከሚታይበት በኩል ሄዳ ቆመች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ነው።

«ደርሻለሁ» አለች።

«ምን ይታይሻል?»

«ሣሩ ረዝሟል። ጸደንያ መጥታ ነበር መሰለኝ፣ ጧፍ በርቶበታል፤ ጠፍቷል አሁን። ድንጋዩ ንጹሕ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ... ሁለት ወፎች ድንጋዩ ላይ ናቸው። አሁን በረሩ።»

ሁለቱም ስልኩን አልዘጉትም። በሞጣ በኩል ነፋሱ አጥሩን ሲያንቀጫቅጨው ይሰማት ነበር፤ ሀብትነሽ ቢቸና ውስጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ እሱን ስታዳምጥ ቆየች።

«በይ ግቢ እኅቴ» አለች በመጨረሻ። «ብርዱ ይመታሻል።»

«ትንሽ ልቁም» አለች ሳብሪያ።